የአሮጌ መኪና ሂተር አልሞቅ ሲል

አዳማ ላይ አሮጌ መኪና ሲሸጥ፣ ሂተሩ አይሠራም ብሎ ዋጋ የሚያስቀንስ ገዢ አይገኝም። ጎማውን በእግሩ ይመታል። ቦዲውን በጣቱ ያንኳኳል። ኤሲው ላይ ይከራከራል። የሂተር ነገር ሲነሳ ግን ሻጭም ገዢም ይስቃሉ። በግንቦት መሪው እጅ በሚለበልብበት ከተማ ተጨማሪ ሙቀት ማን ይፈልጋል?

ሳቁ የሚያቆመው ነሐሴ ላይ ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ መስኮት ይዘጋል፣ አምስት ሰው ውስጥ ይተነፍሳል፣ የፊት መስታወቱ ጉም ይለብሳል። ጋቢና የተቀመጠው ሰው በሶፍት መጥረግ ይጀምራል። ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ በተጠረገችው ክፍተት እያየ ይነዳል። ወይ ደግሞ ንጋት ላይ ወደ አሰላ መውጣት ይመጣል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አሰላ 2,400 ሜትር ታልፋለች፣ በቆጂ ወደ 2,800 ትደርሳለች። አሰላ ድረስ መንገዱ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ኢተያን ስታልፉ ግን በቲሸርት የወጣ ሰው ጋቢ ያምረዋል።

ከብርዱም ከጉሙም የሚበልጥ ሌላ ምክንያት አለ። ሂተር የሚሞቀው በሞተሩ ውሃ ነው። ሂተሩ ከቀዘቀዘ፣ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ማቀዝቀዣ አንድ ቦታ ላይ ታሟል ማለት ነው። ዛሬ ሂተሩን ያቀዘቀዘው ጉድለት ነገ ቴስታታ፣ ማለት የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ሊያጣምም ይችላል። የቴስታታ ሥራ ስንት እንደሚያስወጣ ደግሞ የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ ሂተሩን ባትፈልጉትም ለምን እንደማይሞቅ ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ቤንዚን ሲቃጠል ጎማ ለማሽከርከር የሚውለው ከፊሉ ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የተወሰነው ከጭሱ ጋር በማርሚታ ይወጣል፣ የተወሰነውን ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ይሸከመዋል። ውሃውን የሚገፋ ፓምፕ አለ። የሞቀው ውሃ ራዲያተር ውስጥ በንፋስና በቬንትሌተር ይቀዘቅዝና ተመልሶ ሞተር ይገባል።

ከዚህ ዙር ላይ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ይወጣል። መካኒኮች ማኒኮቶ የሚሏቸው ሁለት የጎማ ቱቦዎች ከሞተሩ ተነስተው፣ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን የብረት ግድግዳ አልፈው ይገባሉ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ አንዲት ትንሽ ራዲያተር አለች። አንዱ ቱቦ ትኩስ ውሃ ያመጣላታል፣ ሌላው ይመልሳል። ነፊው ሞተር አየር በላይዋ ያሳልፋል፣ አየሩ ሞቆ እግራችሁና መስታወቱ ላይ ይወጣል። ሂተሩ ለራሱ ብሎ ቤንዚን አያቃጥልም። የሚባክነውን ሙቀት ነው የሚጠቀመው።

ሙቀቱን መቀነስና መጨመር በሁለት መንገድ ነው። በቆዩት መኪኖች፣ ለምሳሌ በላዳ፣ የውሃው መግቢያ ላይ መዝጊያ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ማንሻ ስትገፉ በሽቦ ተስቦ ይከፈታል ወይም ይዘጋል። በሌሎቹ ደግሞ ውሃው ሁልጊዜ ይዞራል፣ የሚከፈትና የሚዘጋው የአየሩ በር ነው። መዝጊያ ያለው መኪና አዳማ ውስጥ ለዓመታት ቀዝቃዛው ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ መዝጊያው ዝጎ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በጉልበት አትግፉት። ሽቦው ይበጠሳል፣ ወይም መዝጊያው ራሱ ማንጠባጠብ ይጀምራል። የላዳ ባለቤቶች ይህን መንጠባጠብ በደንብ ያውቁታል።

ቮልስ ከዚህ ወሬ ውጭ ናት። ሞተሯ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ውሃ የላትም። ሂተሯም በጭስ መውጫው ብረት ዙሪያ የሞቀ አየር ነው የሚወስደው። ያ ብረት ዝጎ ከተበሳ ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ የቮልስ ሂተር ጭስ ጭስ ካላችሁ ዝጉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሳታድሩ አስመርምሩት።

የተነቀለችው ቴርሞስታት

ቴርሞስታት በውሃው መንገድ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ በር ናት። ውስጧ ሰም አለ። ውሃው ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይሰፋና በሯን ይገፋታል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች መከፈት የምትጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። እስከዚያ ድረስ የዋናውን ራዲያተር መንገድ ዘግታ ውሃውን በሞተሩና በሂተሩ ውስጥ ብቻ ታዞረዋለች። ሞተሩ ቶሎ የሚሞቀው በእሷ ነው፣ ሂተሩም እንደዚያው።

እኛ ዘንድ ይህች ዕቃ አትወደድም። መኪናው አንዴ ከፈላ መጀመሪያ የምትወነጀለው እሷ ናት። «ጋሼ፣ ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው፣ ላውጣልዎት?» ይላል ልጁ። ጋሼም «አውጣት፣ እዚህ ምን ታደርግልኛለች!» ይላሉ። መኪናው ይቀዘቅዛል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሂተሩም በዚያው ቀን ይሞታል፤ አዳማ ነውና ማንም ልብ አይልም።

ልጁ ጭራሽ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ተዘግታ የቀረች ቴርሞስታት ሞተር ታፈላለች፤ መንገድ ላይ ሆናችሁ ሌላ መላ ከሌለ አውጥቶ ቤት መግባት ያስኬዳል። ጣጣው አዲስ ሳይገባ ዓመት ማለፉ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ፍጥነት መንገዱ ላይ፣ ንፋሱ ራዲያተሩን እየመታው፣ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ይሄዳል። የቀዘቀዘ ሞተር ነዳጅ ይበላል። ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ተኖ አይወጣም፣ ስለዚህ ሞተሩ ያለ ዕድሜው ያልቃል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቷ ሁለት ሥራ ነው ያላት፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ስትከፍት አቋራጩን ትዘጋለች። ስትነቀል አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ሞተር ሰው ሞልቶ ዳገት ሲወጣ፣ እንዳይሞቅ ተብሎ በተደረገለት ነገር የተነሳ ይሞቃል።

ቴርሞስታት መኖሯን ኮፈን ሳይከፍቱ መጠርጠር ይቻላል። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ስትመጡ የሙቀት ጌጁን ተመልከቱ። ከተማ ውስጥ መሀል ላይ የነበረው መርፌ መንገዱ ላይ ወደ ታች ከወረደ፣ ቴርሞስታቷ ወይ የለችም ወይ ተከፍታ ቀርታለች። ቆማችሁ ለብ ያለው ሂተር ስትነዱ ከቀዘቀዘም ነገሩ ያው ነው።

አዲስ ስትገዙ ሳይፈተን አይገጠም። በክር አንጠልጥላችሁ፣ ድስቱን ሳትነካ፣ ውሃ ውስጥ ጣዷት። አዳማ ላይ ከከፍታው የተነሳ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የ82 ዲግሪ ቴርሞስታት ውሃው ከመፍላቱ በፊት አፏን መክፈት መጀመር አለባት፣ ሲንተከተክ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ትከፈታለች። ውሃው ፈልቶም አፏን ያልከፈተች ወደ ሱቋ ትመለስ። ስትገጠም ደግሞ ጠርዟ ላይ ያለችው የምትወዛወዝ ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚያመልጠው በእሷ በኩል ነው። አሮጌውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) መልሶ መጠቀም አያዋጣም።

ሁለቱን ቱቦዎች ንኩ

ምርመራው የሚጀመረው ሌሊት ባደረ፣ በቀዘቀዘ ሞተር ነው። ኮፈኑን ክፈቱ፣ የራዲያተሩን ክዳን አውጡ። ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን አይነካም፤ የታመቀው ውሃ ሲለቀቅ ፊት ይልጣል። ውሃው እስከ አፉ ካልሞላ የሂተሩን ወሬ አቁሙና ውሃው የት እንደሄደ ፈልጉ። የሂተሩ ራዲያተር በብዙ መኪኖች ከፍ ብላ ስለምትቀመጥ፣ ውሃ ሲጎድል ቀድማ የምትደርቀው እሷ ናት። ሂተሩ ከጌጁ ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። ጌጁ ደግሞ ውሃው ጨርሶ ካለቀ ሊያታልል ይችላል፤ ሴንሰሩ ውሃ ካልነካው በትክክል አያነብም። እየነዳችሁ ሳለ ትኩስ የነበረው ሂተር በድንገት ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ዳር ያዙና አጥፉ።

ክዳኑንም እዩት። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግፊት አይይዝም። ክፍት ውሃ እዚህ በ94 የሚፈላ ከሆነ፣ 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈበት ደህና ክዳን ግን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ልዩነቱን ያመጣው ያ ክዳን ብቻ ነው።

ውሃው ሙሉ ከሆነ ሞተሩን አስነሱ። የሂተሩን ማንሻ ትኩሱ ጫፍ ላይ አድርጉ። ጌጁ መሀል እስኪደርስ ጠብቁ፣ ከዚያ አጥፉ። አሁን ወደ ብረት ግድግዳው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በጣት ጫፍ ንኩ። ነጠላና ረጅም እጅጌ ከቬንትሌተሩ ይራቅ፤ በአንዳንድ መኪና ሞተሩ ጠፍቶም ይነሳል።

ሁለቱም የሚያቃጥሉ ከሆነ የውሃው ጉዳይ ደህና ነው። ችግሩ አየሩ ጋ ነው፤ ሽቦ ወልቆ የአየሩ በር አልከፈት ብሏል፣ ወይም ነፊው ደክሟል። ዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ሌላ ሰው ማንሻውን ሲገፋ ሽቦው መንቀሳቀሱን ማየት ነው። ከቦታው የወጣች አንዲት ክሊፕ ልትሆን ትችላለች።

አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው እየገባ አያልፍም። መዝጊያው አልተከፈተም፣ ወይም ትንሿ ራዲያተር በዝገትና በደለል ተደፍናለች።

ሁለቱም ለብ ብቻ ብለው ጌጁም ዝቅ ያለ ከሆነ ወደ ቴርሞስታቷ ተመለሱ። ጌጁ ትክክል ሆኖ ሁለቱም ከቀዘቀዙ ግን ውሃው ወደዚያ አይሄድም፤ አየር ቋጥሯል፣ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይም ሂተሩ ከናካቴው ተቆርጧል። ይህ የመጨረሻው አዳማ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ቱቦዎቹን በዓይን ተከተሏቸው። ግድግዳው ጋ ሳይደርሱ በአንድ ቁራጭ ብረት እርስ በርስ ተገናኝተው ካገኛችሁ፣ የቀድሞው ባለቤት የሂተሩ ራዲያተር አፍስሳበት ገላግሏታል ማለት ነው። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፤ ላያውቅም ይችላል።

ነዳጅ ስትሰጡት የሚሞቅ፣ ቆሞ ሲሠራ የሚቀዘቅዝ ሂተርም አለ። ሦስት ነገር ይጠረጠራል፤ የውሃ መጉደል፣ አየር፣ የፓምፕ መድከም። በተራ ውሃ ብዙ ዓመት የሠራ ፓምፕ ክንፎቹ በዝገት ተበልተው ሊሆን ይችላል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ኩልል የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ግን አየር ነው።

አየር ማስወጣት ትዕግሥት እንጂ ዕውቀት አይጠይቅም። መኪናውን አፍንጫው ከፍ እንዲል ዳገት ላይ አቁሙ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን አውጡ፣ ሂተሩን ትኩስ ላይ አድርጉ፣ አስነሱ። ውሃው ዝቅ ባለ ቁጥር ሙሉ። የዋናውን ራዲያተር የላይኛውን ማኒኮቶ በእጃችሁ እየጨመቃችሁ ልቀቁት፤ አረፋው በአፉ ይወጣል። ቴርሞስታቷ ስትከፈት ውሃው በአንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፣ ያኔ ሞልታችሁ ክደኑ። አረፋው ግን ሞተሩ ገና ከመነሳቱ ከጀመረና ጭራሽ ካላቋረጠ ነገሩ ከባድ ነው። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ሊሆን ይችላል። ነጭ ጭስ ከማርሚታ ካልቆመ፣ የዘይቱ ክዳን ሥር የማኪያቶ ቀለም ያለው ነገር ከተገኘ፣ ሂተሩን ትታችሁ ወደ ጋራዥ።

ማጠብ ወይስ መቀየር?

የተደፈነችውን ራዲያተር ሳያወጡ ማጠብ ይቻላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሁለቱን ቱቦዎች ፋሸታ (ማሰሪያ ቀለበት) አላልታችሁ አላቁ። ያረጀ ጎማ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ እየጠመዘዛችሁ አትሳቡት፣ የራዲያተሯ አንገት ይታጠፋል። ጎማውን በምላጭ ሰንጥቆ ማውጣትና አዲስ መግዛት ይረክሳል። ከዚያ ውሃው በፊት ይወጣበት በነበረው በኩል የአትክልት ቱቦ አስገብታችሁ በቀስታ ልቀቁ። ወደ ኋላ ስለሚገፋው ደለሉ በመጣበት ይመለሳል። መጀመሪያ የሚወጣው ቡናማ፣ አንዳንዴ እንደ ቀይ አፈር የወፈረ ውሃ ነው። ጥርት እስኪል እያፈራረቃችሁ እጠቡ። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ሙሉ ግፊት አይሞከርም፤ ያረጀች ራዲያተር ትፈነዳለች፣ ያውም ዳሽቦርዱ ውስጥ።

ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ዱቄትና ፈሳሽ አለ። እኔ አልመክርም። ጠባቡ መንገድ የሂተሩ ስለሆነ ከቀዳዳው በፊት የሚደፍነው እሱን ነው።

ራዲያተሯ ካፈሰሰችስ? ምልክቱ ግልጽ ነው። የጋቢናው ምንጣፍ ይረጥባል። መስታወቱ ላይ በሶፍት ሲጠርጉት የሚዘረጋ ቅባት ያለው ጉም ይቀመጣል። ውሃው ኩላንት (በረዶ እንዳይሆንና ውስጡ እንዳይዝግ የሚጨመር ፈሳሽ) ካለው ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። የቀድሞዎቹ የመዳብና የነሐስ ራዲያተሮች በስታኞ ይበየዳሉ፣ ራዲያተር የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ይወሰዱ። አሉሚኒየምና ፕላስቲክ የሆኑት ግን ባይለፋባቸው ይሻላል፣ መቀየር ነው። ዋጋውን የሚያስወድደው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ በብዙ መኪኖች ዳሽቦርዱ መፈታት አለበት። ሥራውን ከመስጠታችሁ በፊት ዳሽቦርዱ ሲመለስ ብሎን እንዳይተርፍ ተነጋገሩ፤ በኋላ ጉድጓድ በረገጣችሁ ቁጥር ዳሽቦርዱ ሲንኳኳ አብሯችሁ ይኖራል።

እስከዚያው ሁለቱን ቱቦዎች ማገናኘት ያስኬዳል። አንዱን በቡሽ ከመድፈን ማገናኘቱ ይሻላል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቷ ሳትከፈት ውሃው የሚዞረው በዚያ መስመር ነው። ሙቀት የሚችል የሂተር ቱቦ ተጠቀሙ። የአትክልት ቱቦ ይለሰልስና መንገድ ላይ ይፈነዳል።

ሲሞላም ነገሩ አለው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይበዛዋል። ውስጡ ሲሞቅ ቅርፊት ይሠራል፣ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ እንደምታዩት። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቢደባለቅ ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። «በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምኔ» የሚለው ክርክር ዝገቱን ይረሳል። አሮጌውን ስታወጡ በዕቃ ያዙት እንጂ ግቢ ውስጥ አትድፉት። ብዙው ኩላንት መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ። ሕፃንም ውሻም ይቀምሰዋል።

ነፊውና መስታወቱ

የኤሌክትሪኩ ነገር ቀላል ነው። ነፊው ጭራሽ ካልሠራ ከፊውዝ ጀምሩ። በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ነፊው ደህና ነው፣ የተቃጠለው ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው። ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ ትልቅ ፊውዝ ወይም ሽቦ አትክተቱ፤ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። ነፊው እየጮኸ አየሩ ደካማ ከሆነ ደግሞ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የአየር መግቢያ እዩ። የአዳማ ንፋስ አቧራና ቅጠል ሲያመጣ ዓመቱን ሙሉ ነው።

በዚያ መግቢያ የጭስ ሽታ ከመጣ ከሂተሩ በፊት ጭስ መውጫው ይጠገን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ለራሱ ሽታ የለውም፣ ሰው ያስተኛል፣ ይገድላልም።

መስታወቱ ጉም ሲለብስ የውስጡን አየር የሚያዞረውን ቁልፍ አጥፉና ከውጭ አስገቡ። ብዙ ሰው ብርድ ሸሽቶ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ትንፋሹ መውጫ ያጣል። ኤሲ ካለ ከሂተሩ ጋር አብሩት፤ ኤሲው እርጥበቱን ይጠባል፣ ሂተሩ መስታወቱን ያሞቃል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ደረጃውን እዩ። ትንሽ ቢወርድ የቀረ አየር ወጥቶ ነው፣ ሙሉት። ከዚያ በኋላም መውረዱን ከቀጠለ የፋሸታዎቹን ሥር፣ የፓምፑን ሆድና የጋቢናውን ምንጣፍ በእጃችሁ ዳብሱ።